በኮሶዬ ዳገት ባትሪው የሞተ ሌሊት

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጎንደር አውቶ ፓርኮ አጠገብ ካሉት ባትሪ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ አለፍሁ። ሠራተኛው የአንድ ትልቅ ባትሪ ክዳኖች ፈታትቶ ውሃ ይጨምርበት ነበር። ሽታው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫዬን ቆጠቆጠኝ፤ ከሥሩ የዛገ ብረት ሽታ አለው። ዘንቢሌን እንደያዝሁ ቆምሁ።

“እትዬ፣ ባትሪ ፈልገው ነው?” አለኝ ሰውዬው ቀና ብሎ።

“አይ፣ ሽታው ነው” አልሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለእኔ ያ ሽታ ክረምት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ቆላ ድባ ላይ ከበቅሎ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ልታስታምማት ሄደች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አባቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር ይመላለሳል። ጎረቤት ዘንድ ሊያስቀምጠኝ ሁለት ቀን ሞከረ። ሁለቱንም ቀን ራት አልበላም ብዬ እስኪመጣ ድረስ ደጅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምንም ሳይናገር የጋቢናውን በር ከፍቶ፣ አንሥቶ አስገባኝ።

ጋቢና ውስጥ ሦስት ነበርን። አባቴ መሪው ላይ፣ እኔ መካከል፣ ሞተሩ ላይ በተነጠፈው ብርድ ልብስ፣ በወዲያኛው በር በኩል ደግሞ አያ አዛናው።

አያ አዛናው የአባቴ ረዳት ነበሩ። ረዳት ሲባል በጭነቱ ጎን፣ ስፖንዳው ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኽ ጎረምሳ ነው የሚታሰበው፤ እሳቸው ግን ጢማቸው የሸበተ፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። አባቴን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚያው በደባርቅ መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነዱ በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና መሪውን ለተማሪያቸው ለቀው በዚያኛው በር ገቡ። አባቴ “አያ” እያለ አንቱ ይላቸዋል፤ እሳቸው “አንተ ማሩ” ይሉታል። ማን የማን አለቃ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

“የዓይን ሞራ” የሚሉትን ነገር በራሴ መንገድ ነበር የተረዳሁት። ሞራ ማለት ለእኔ በፋሲካ በግ ሲታረድ ከሆድ ዕቃው ላይ እንደ ዳንቴል የሚገፈፈው ነጭ ስብ ነው። ስለዚህ አያ አዛናው በጉብዝናቸው ሥጋ አብዝተው በልተው፣ ስቡ ወጥቶ ወጥቶ ዓይናቸው ላይ እንደቀረ አመንሁ። ስብ ደግሞ ሲሞቅ ይቀልጣል። በዳባት ብርድ ሞተሩ ላይ ያለውን ሞቃት ቦታዬን እለቅላቸው ነበር።

“እዚህ ይቀመጡ አያ፣ ይሞቅዎታል።”

“ምነው ልጄ፣ አንች አይበርድሽም?”

“ኧረ አይበርደኝም” እላለሁ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። በየማለዳው ዓይናቸውን ሰርቄ አያለሁ፤ ነጩ ነገር እንዳለ ነው።

ባትሪውንም እንደዚሁ። ከማኪናው ጎን፣ ከጭነቱ ሥር፣ የብረት ሣጥን አለ። ጠዋት ጠዋት አያ አዛናው ከፍተው ጎንበስ ይላሉ፣ ያ ሽታ ይወጣል። “እንዳትነኪ፣ ሥጋ ይበላል!” ይሉኛል። አባቴ ከወዲያ ማዶ “ውሃ ጠጥቷል?” ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም “ጠጥቷል” ይላሉ። ውሃ የሚጠጣ፣ ሥጋ የሚበላ ነገር እንግዲህ እንስሳ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ቀን ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ የሚውል መሰለኝ። አንዳንዴ ማንም ሳያየኝ ሣጥኑን በጣቴ አንኳኳለታለሁ።

ጉዞ ላይ አያ አዛናው አንድ ጨዋታ ነበራቸው።

“ውቤ፣ ምን ይታይሻል?” ይላሉ። ስሜ ውባለም ነው።

“በቅሎ።”

“ወደኛ ነው ወደዚያ?”

“ወደኛ። የተቀመጠባት ሰውዬ ጃንጥላው ውሃ ያንጠባጥባል።”

“እህ! እንግዲያው ዝናቡ ከፊታችን አለ። ማሩ፣ ቀስ እያልህ።”

አባቴ በቅሎዋን ከእኔ ቀድሞ አይቷታል። ግን “እሺ አያ” ይልና ፍሬኑን ይነካል። አንድም ቀን “አይቻለሁ” ብሏቸው አያውቅም። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር፤ እሸለምበት ይመስል ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ውሻ፣ የተዘረጋ ልብስ ሁሉ እቆጥርላቸው ነበር። በእኔ ዓይን መንገዱን እያዩ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ነው። ደባርቅ ላይ የድንች ጆንያ ስንጭን መሸ። ጫኞቹ እንዲያዩ የማኪናው መብራት በርቶ ነበር። ጭነቱ ሲያልቅ አባቴ ሸራውን ለማሰር ወደ ላይ እየወጣ “አያ፣ መብራቱን ያጥፉልኝ” አለ። አጠፉት፤ ማጥፊያው ቋ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁለቱም ራት ሊበሉ ሻይ ቤት ገቡ። እኔ ጠግቤያለሁ ብዬ ቀረሁ።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሴት ልጅ ነበረችው፣ እኩያዬ ናት። ስሟን ረስቻለሁ፤ የፊት ጥርሷ አንዱ እንዳልነበረ ግን አስታውሳለሁ። ጋቢናውን ላሳያት አስገባኋት። ከማኪናው ፊት ለፊት የመጋዘኑ ግድግዳ በኖራ የተቀባ ነበር። አባቴ ሲያበራ ስላየሁ ትልቁን መብራት አበራሁት። ግድግዳው ቀን ሆነ። ወርደን መብራቱ ፊት ቆምንና በእጃችን ጥላ እንሠራ ጀመር። እኔ ጥንቸል፣ እሷ ውሻ። ውሻዋ ጥንቸሌን አባረረቻት። እሷ በክንዷ የግመል አንገት ሠራች፤ ግመሉ የጎደለውን ጥርሷን ይመስል አፉ ክፍት ነው፤ ሳቅን፣ ሳቅን። አባቴ ከድንች ነጋዴው ጋር ወሬ ይዞ ስለነበር ብዙ ቆየን። ወደ መጨረሻው ግድግዳው እንደ ጧፍ ብርሃን ቢጫ እየሆነ ሄደ። መብራቱም እንቅልፉ የመጣ መሰለኝ። የአባቴን ድምፅ ስሰማ ሮጬ አጠፋሁትና ብርድ ልብሱ ላይ ተኛሁ።

አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ እያቃሰተ፣ እየተጎተተ ተነሣ።

“ምን ሆነች?” አሉ አያ አዛናው።

“ብርዱ ነው” አለ አባቴ።

ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ጉም ገባን። መብራታችን ጉሙን እንጂ መንገዱን አያሳይም። የኮሶዬን ዳገት ጀምረን፣ ገደሉ ያለበትን ትልቁን ኩርባ አልፈን ጥቂት እንደወጣን አንዲት አህያ ከነሸክሟ ከጌቶቿ ወደ ኋላ ቀረት ብላ መንገዱ መካከል ቆማ አገኘናት። አባቴ ፍሬን ያዘ፤ አህያዋ ወደ ጎን ሄደች። ማርሽ ቀይሮ ሊነሣ ሲል ማኪናዋ ተንቀጥቅጣ ጠፋች።

ቁልፉን አዞረ። ቅጭ አለ። ደገመ። ቅጭ። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረችው ትንሽ ብርሃን እንደ ክብሪት ጠፋች፤ መብራቱም ጠፋ፤ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ።

“ታኮ!” ብለው አያ አዛናው ዘለው ወረዱ። ድንጋይ ከጎማው ኋላ ሲወሸቅ ሰማሁ። አባቴም ወረደ። የባትሪውን ሣጥን ከፈተ፤ ገመዱን ነቀነቀ፣ በመፍቻ ቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ቁልፉን አዞረ። ቅጭ እንኳ አላለም።

“ሞቷል” አለ አባቴ።

ያ ውሃ የሚጠጣው ነገር ሞቷል። የገደልሁት እኔ ነኝ።

“አያ” አለ አባቴ በጨለማው ውስጥ።

“አቤት።”

“ደባርቅ ላይ መብራቱን አጥፍተውት ነበር?”

ከሸራው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

“እንጃ ማሩ” አሉ በመጨረሻ። “ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር።”

“መጥፋቱን አይተዋል?”

“ዓይኔን ታውቀው የለም እንዴ።”

አባቴ የሣጥኑን ክዳን ዘጋ። እኔ ጋቢና ውስጥ የብርድ ልብሱን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስሁ። “እኔ ነኝ” ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱንም ከብርድ ልብሱ ጋር ነክሼ ያዝኋቸው።

ሳይቆይ ከላይ የሞተር ድምፅ መጣ። አባቴ ሮጦ መንገዱ መካከል ቆመና ጮኸ። ቁልቁል የሚወርድ ትልቅ ጭነት ነበር፤ ያየን አጠገባችን ሲደርስ ነው። ጥሩንባው እየጮኸ፣ የጎን መስተዋታችንን ገጭቶ ሰባብሮ አለፈ። ቁልቁለት ስለሆነ ሊቆም አልቻለም፤ ድምፁ በጉሙ ውስጥ እየራቀ ሄደ። አባቴ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ፊቴን በእጁ ዳበሰኝ።

“ሌላ ከመጣ ይጨርሰናል” አለ።

“ወደ ኋላ እንልቀቃት” አሉ አያ አዛናው። “እየተንከባለለች በኋላ ማርሽ ትነሣለች።”

“አያ፣ ከኋላችን ገደሉ ነው። እኔ ምንም አላይም።”

“እኔ ከኋላ እሆናለሁ። አንተ ነጩን ጋቢዬን ተከተል፤ እሱ ካልታየህ ድምፄን።”

“እርስዎ?” አለ አባቴ።

በክረምቱ ሁሉ አባቴ ያንን የመሰለ ቃል ሲናገራቸው ሰምቼ አላውቅም። ክፉ አልተናገረም፤ ግን ሁላችንም ሰማነው።

“አዎ፣ እኔ” አሉ አያ አዛናው ቀስ ብለው። “ቀን ነው እንጂ የሚያጥበረብረኝ፣ ጨለማ ለእኔ ዕረፍት ነው። ይህችን ኩርባ ደግሞ እግሬ ያውቃታል። ልጅቱን አውርዳት።”

አባቴ አወረደኝና ከተራራው ወገን ካለው ቋጥኝ ጋር አጣበቀኝ። “ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ” አለኝ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ውሃ በአንገቴ ይገባል። አያ አዛናው ታኮውን አንሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። መጀመሪያ ጋቢያቸው ታየኝ፤ ቀጥሎ ነጭ ነገር ብቻ፤ ቀጥሎ ጉሙ ራሱ ነጭ ስለሆነ የቱ እሳቸው እንደሆኑ ጠፋኝ።

“ልቀቅ!” አሉ ከሩቅ።

ማኪናዋ በዝምታ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ያለ ሞተር የምትሄድ ማኪና አይቼ አላውቅም ነበር፤ የድንጋይ መሰባበር ብቻ ነው የሚሰማው። አባቴ በሩን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ወደ ኋላ እያየ ነው።

“ና... ና... ና... መሪውን ወደ ተራራው ስበር! ትንሽ... ቀጥ አርጋት! ና... አሁን! እግርህን ከፍሪሲዮኑ ልቀቅ!”

ማኪናዋ እንደ ተመታ በሬ ዘለለች፤ ጎማዋ ጮኸ፤ ቆመች። ሞተሩ አልተነሣም።

“አያ፣ ስንት እርምጃ ቀረኝ?” ብሎ አባቴ ጮኸ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

አያ አዛናው በእግራቸው መሬቱን ሲዳስሱ ይሰማኛል፤ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሹ። ከዚያ “አንድ ጊዜ ይበቃታል” አሉ። “ስልህ ልቀቅ፣ ስልህ ያዝ። ሌላ ነገር አታስብ። ና!”

እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። “ና... ና... ስበራት... አሁን!” የሚል ሰማሁ፤ ጎማው ጮኸ፤ አንድ ትልቅ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ ሞተሩ አጓራ።

ዓይኔን ስገልጥ የኋላው ቀይ መብራት በርቷል። ጉሙ ቀይ ሆኗል። አያ አዛናው ከነጋቢያቸው ቀይ ሆነው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ከተረከዛቸው ኋላ መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ጎንደር እስክንገባ ሞተሩ አልጠፋም። አያ አዛናው የረጠበውን ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንዲሞቃቸው ቦታዬን ልለቅላቸው አልደፈርሁም፤ እንዳይነኩኝ ፈራሁ። ቢነኩኝ ሁሉን የሚያውቁ መሰለኝ። ወፍ ሲንጫጫ ሰፈራቸው ደርሰን አባቴ አቆመ።

“አያ” አለ፤ ዓይኑ መሪው ላይ ነው። “ለትንሽ ጊዜ ቢያርፉ።”

“ለስንት ቀን?”

አባቴ የፊት መስተዋቱን ጉም በእጅጌው ጠረገ።

“እሺ ልጄ” አሉ አያ አዛናው። አባቴን “ልጄ” ሲሉት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የበሩን እጀታ በእጃቸው ፈልገው አገኙትና ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጃጅም ነበሩ። አዲስ ባትሪ ተገዛ። የባትሪ ሠሪው አሮጌውን አይቶ “ይሄማ ካረጀ ቆይቷል፤ አንዴ ከወረደ አይመለስም” አለ፤ እኔ ግን ከዚያ ንግግር የሰማሁት “አይመለስም” የሚለውን ብቻ ነው። አሁን በበሩ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጆንያ የሚቆጥርልን፣ ታኮ የሚያደርግልን በየደረስንበት የተገኘ ሰው ነው። አባቴ ሲነዳ አንዳንዴ አፉን ከፍቶ ወደ በሩ ዞር ይልና እኔን አይቶ ይተወዋል። ምግብ አልወርድ አለኝ። “እናትሽ ናፍቃሽ ነው፤ አይዞሽ፣ ትመጣለች” ይለኛል። እኔም “አዎ፣ እናቴ ናፍቃኝ ነው” እላለሁ።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት አባቴ ተኝቶ ሳለ ብቻዬን ወደ አያ አዛናው ቤት ሄድሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ለብርሃኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

“ውቤ ነሽ?” አሉ ሳይዞሩ። “በአረማመድሽ አወቅሁሽ። አባትሽስ?”

“ተኝቷል።” ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ እንደ ትውከት ወጣልኝ። “አያ፣ መብራቱን እርስዎ አጥፍተውት ነበር። ያበራሁት እኔ ነኝ። ከዘበኛው ልጅ ጋር ጥላ ስንሠራ። ባትሪውን የገደልሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አሉ።

“ምን?”

“ከሻይ ቤቱ ውሃ ልሸና ስወጣ አይቻችሁ ነበር። ለእኔ ዓይን እንኳ የሚታይ መብራት ነበር፣ እንደ መስቀል ደመራ። ‘ጥንቸል! ግመል!’ ስትሉ ሰማሁ። ላጠፋው አሰብሁና ሳቃችሁ ደስ ብሎኝ ትንሽ ይጫወቱ ብዬ ተውሁት። ከዚያ ረሳሁት። እንግዲህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።”

“ታዲያ ምነው ለአባባ አልነገሩትም?”

አያ አዛናው ጉልበታቸውን አሹ።

“አባትሽ ከገና ጀምሮ አንድ ነገር ሊነግረኝ ያምጣል። ይጀምርና ‘እሺ አያ’ ብሎ ይተወዋል። ማኪና ዓይን የሌለው ረዳት ይዛ አትሄድም፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ያን ሌሊት ሰበብ አገኘ። ሰበቡን ምነው ልንጠቀው?”

አለቀስሁ። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉ፤ መጀመሪያ ትከሻዬን አገኙ፣ ቀጥሎ ራሴን። “ብትነግሪው ግን ሸጋ ነው” አሉኝ። “ለእኔ ብለሽ አይደለም። አንችን ይከብድሻል።”

የዚያን ዕለት ማታ ለአባቴ ነገርሁት። አልተቆጣም። የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰውና ተነሥቶ ወጣ። ደጅ ላይ ሲንጎራደድ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ሰማሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደባርቅ መንገድ ከመውጣታችን በፊት ማኪናዋን ወደ አያ አዛናው ሰፈር አዞራት። በራቸው ላይ ሲደርስ ጥሩንባ አልነፋም፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ቆመ። እሳቸው የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ወጡ።

“አያ፣ ይግቡ” አለ አባቴ። “መብራቱን እርስዎ አጥፍተውት ነበር። ሳላጣራ ነው...”

“ማሩ” ብለው አቋረጡት። “መብራቱን ልጅቱ ብታበራውም፣ ዓይኔን ያጠፋችው እሷ አይደለችም።”

“ያን ሌሊት እርስዎ ባይኖሩ የት ነበርን?”

“ያን ሌሊት ነበርሁ። ሠራሁ። ይበቃኛል።”

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። “ሂድ ወደ መሪህ” አሉት፣ መንዳት ሲያስተምሩት እንዲህ ይናገሩት እንደነበር ገመትሁ። እሱም እንደ ተማሪ ሄደ።

አያ አዛናው በእኔ በኩል መጡ። በሩን ገፋ አድርገው መዘጋቱን አረጋገጡ። ከዚያ ረዳት ለሹፌር “መንገዱ ነጻ ነው፣ ሂድ” ሲል እንደሚያደርገው የማኪናዋን አካል በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱ።

ማኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። አባቴ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ ጉንጩ ረጥቧል።

ደግመው መቱ፣ አሁን በኃይል። “ሂድ እንጂ አንተ! ዝናቡ ሳይመጣባችሁ!”

አባቴ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየኋቸው። እጃቸውን አንሥተው ይሰናበቱናል፤ ግን የሚያዩት ወደ እኛ አልነበረም፤ ጥቂት ወደ ጎን፣ ማንም ወደሌለበት ነበር። አባቴም እጁን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ከሰፈሩ እስክንወጣ ድረስ ሳያወርደው ነዳ።